«ወላጅ ይዘህ ና» እና መምህራን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ሌሎች ስህተቶች

የማስተምረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ነው። እዚህ ብዙ ወላጅ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ የታክሲ ወረፋ ይይዛል። ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ወላጆች ለልጆቻቸው ግድ የላቸውም» ሲባል በየጊዜው እሰማለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። አሁን ግን ግማሹ ጥፋት የኛ እንደሆነ አምናለሁ።

ወላጅን ለጥፋት ብቻ መጥራት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና!» የምትለዋን ቃል የማያውቅ ተማሪ የለም። ትርጉሟም አንድ ነው፤ አጥፍተሃል። ወላጁም የሚመጣው እንደ ተከሳሽ ነው።

አንዴ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ወላጅ አምጣ ብዬው በማግስቱ «አጎቴ ነው» ያለውን ሰው ይዞ መጣ። ሰውየው እጁን አጣምሮ ቆመና የምለውን ሁሉ «እሺ ቲቸር፣ ልክ ነው ቲቸር» እያለ ሰማኝ። ጥፍሮቹ ሥር የጫማ ቀለም ነበር። «ማታ የት ነው የሚያጠናው?» ብዬ ስጠይቀው መልስ ፍለጋ ወደ ልጁ ዞረ። ያኔ ገባኝ። ከአስፋልቱ ዳር የተለመነ ሊስትሮ ነበር።

እናቱን ያገኘኋት ከወር በኋላ በስልክ ነው። አያት አካባቢ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። «የልጅዎ አስተማሪ ነኝ» ስላት ሰላምታዬን እንኳ ሳትመልስ «ምን አጠፋ?» አለች። የደወልኩት ግን ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የክፍልፋይ ጥያቄ በትክክል እንደሠራ ልነግራት ነበር። ለአፍታ ዝም አለች። ከዚያ «እውነትዎን ነው?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ለሦስት ወላጅ ለደህና ነገር እደውላለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ክፍሉ 50 ልጅ ቢኖረው አንደኛው ሴሚስተር ሳያልቅ ሁሉም ይዳረሳል። ችግር ሲመጣ ያ ወላጅ ስልኬን በድንጋጤ አያነሳም።

ልጁን አቁሞ መክሰስ

ወላጅ በሰው ፊት ሲያፍር ንዴቱን ቤት ይዞ ይሄዳል። ቤት ደግሞ ቀበቶ አለ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ይደነግጋል። እኛ ዱላ ባንይዝም አነጋገራችን ልጁን ካስመታው ምን ለየን? ስለዚህ መጀመሪያ ወላጁን ለብቻው ማናገር፣ ከልጁ ጥንካሬ መጀመር፣ ከመለያየት በፊት ደግሞ «እባክዎ እንዳይመቱት» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በግልጽ ካልተነገረ አይሰማም።

ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ስብሰባ መጥራት

ለቀን ሠራተኛ ይህ ማለት የዕለት ገቢው ቀረ ማለት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። እሱም ካልሆነ ጠዋት በር ላይ መቆም ነው። ትንንሾቹን የሚያደርሱ አያቶችና ታላላቅ እህቶች እዚያ ይገኛሉ። ስብሰባው በመዋጮ ጥያቄ ካለቀ ደግሞ ቀጣዩን ጊዜ ባዶ ወንበር መሰብሰብ ነው።

«ወላጅ ይፈርም» ብሎ መላክ

ልጁ ራሱ ይፈርመዋል። ማንበብ የማይችል ወላጅ አለ፤ አማርኛ የማያነብም አለ። ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ እዚህ እርሻ ነበር፤ በአካባቢው ኦሮምኛ የሚናገሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ እንዲደውልልን መለመን አያሳፍርም።

ያልተማረ ወላጅ ምን ሊያግዝ ይችላል ለሚለኝ መልስ አለኝ። «ዛሬ የጻፍከውን ገጽ አሳየኝ» ማለት ይችላል። ገጹ መሞላቱንና ባዶ መሆኑን ለማየት ፊደል አያስፈልግም። «ዛሬ የተማርከውን አስረዳኝ» ብሎ ማዳመጥ ደግሞ ራሱ ጥናት ነው፤ ልጁ ያልገባውን ማስረዳት ሲያቅተው ያውቀዋል።

የክፍሉን ቴሌግራም ግሩፕ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማድረግ

ውጤት በስም መለጠፍ ይቅር። ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅም እንዳለ አይረሳ።

ሁሉም ልጅ ከእናትና አባቱ ጋር ይኖራል ብሎ ማሰብ

አንዳንዷ እናት ቤይሩት ናት፤ ልጇን አያት ያሳድጋታል። አንዳንዷ ልጅ ከገጠር መጥታ ዘመድ ቤት ነው የምትኖረው። ከትምህርት መልስ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልጅ ታዝላለች፤ ደብተር የምትገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። «እናትሽን አምጪ» ሲባሉ እነዚህ ልጆች መሬት መሬት ያያሉ። ወደ ክፍል ሳይመለሱ የሚቀሩም አሉ። እንዲህ ያለችው ልጅ የተሠጣትን የቤት ሥራ ካልሠራች ከመቆጣቴ በፊት አሳዳሪዋን አነጋግራለሁ። ማታ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲለቋት እለምናለሁ። አንዳንዶቹ እሺ ይላሉ።

መስከረም ላይ ደብተሬ ላይ አራት መስመር አሰምራለሁ። የልጁ ስም፣ ማታ ቤት የሚቀበለው ሰው፣ ስልክ ቁጥር፣ ለመነጋገር የሚመች ሰዓት። አሁን የዚያ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ስም አጠገብ «እናት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ» ይላል።