ፖሊስ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? (ለባህርዳር ወላጆች)

ባህርዳር ውስጥ በመንግስት ትምህርት ቤት ልጅ የሚያስተምር ወላጅ አንድ ቀን "ልጅህን ፖሊስ ወሰደው" የሚል ስልክ ሊደወልለት ይችላል፣ ልጁ ጨዋ ሆነም አልሆነም። በተለይ ፈረቃ ሲቀያየር፣ የጠዋቱ ሲወጣ የከሰዓቱ ሲገባ፣ በሩ ላይ ያለውን ትርምስ ያየ ያውቀዋል፤ ባጃጁ ይጮሃል፣ ቆሎና ሸንኮራ ሻጩ መንገዱን ይዞታል፣ ሁለት ልጆች ይያያዛሉ፣ ሰላሳው ከቦ ያያል፣ ከዛ ፖሊስ ሲመጣ የተማታው ሮጦ ያመልጥና ቆሞ የሚያየው ይታፈሳል። ስለዚ ስልኩ ሳይመጣ በፊት ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱንና የፖሊሱን ስራ ለዩ። ማርፈድ፣ መፎረፍ፣ ዩኒፎርም አለመልበስ፣ ስልክ ይዞ መግባት፣ ለቲቸር አፍ መመለስ፣ እነዚህ የስም ጠሪውና የዩኒት ሊደሩ ጉዳይ ናቸው፣ ከከበደም የርዕሰ መምህሩና የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ህብረት)። ልጁ ፎርፎ ጣና ዳር ሲዋኝ ቢገኝ እንኳን (ያስፈራል፣ ውሃው ልጅ ይበላል፣ ተቆጡት) ወንጀል አልሰራም። ፖሊስ የሚጠራው ስለት ሲመዘዝ፣ ስርቆት ሲኖር፣ ሰው ሲፈነከት፣ ሴት ልጅ ስትደፈር ወይ ስትጎነተል፣ ዕፅ ሲሸጥ፣ ወይም ተማሪ ያልሆነ ጎረምሳ በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲያስቸግር ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ግን "ትንሽ ይደንግጥ ብለን ነው" እያለ ለረባሽ ልጅ ሁሉ ፖሊስ ይጠራል። እኔ ይሄን አልወደውም። በፖሊስ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅ የእውነት ሲዘረፍ ወይ ሲደበደብ ወደ ፖሊስ አይሮጥም፣ ከፖሊስ ነው የሚሮጠው።

ዲያስፖራ ዘመድ ያላችሁ "እኛ ጋር እኮ ፖሊሱ እዛው ግቢ ውስጥ ነው የሚውለው" ሲሏችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ አሜሪካ ፍሊንት ሚሺጋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረ ነገር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ኮሎምባይን ትምህርት ቤት ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ ደግሞ በየስቴቱ ተስፋፋ። ግን እዛም ያጨቃጭቃል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ ከተገደለ በኋላ የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ከከተማው ፖሊስ ጋር የነበራቸውን ውል አቋርጠዋል። እኛ ጋር በር ላይ ያለው ጥበቃ ሲቪል ነው፣ ፖሊሱ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ወይ የቀበሌው የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ወይ ተጠርቶ ከጣቢያ። ትራፊኩን አትርሱት፣ እሱም ፖሊስ ነው። ጠዋት ከአባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግረው ለሚመጡ ልጆች፣ አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተመረቀ በኋላም ቢሆን፣ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማቸው በፊሽካ መኪና አስቁሞ የሚያሻግራቸው ትራፊክ ነው። ማቋረጫው ላይ ትራፊክ ከሌለ ወተመህ በደብዳቤ ይጠይቅ።

ሌላው፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሁሉ ፖሊስ አይደለም። መደበኛ ፖሊስ አለ፣ አድማ ብተና አለ፣ ሚሊሻ አለ፣ አሁን ባለንበት ጊዜ ደግሞ የደንብ ልብሱ በዝቷል። ልጁን የወሰደው የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ የት ሄዳችሁ እንደምትጠይቁ አታውቁም፣ ስለዚ ጥበቃውን "ምን ለብሶ ነበር? መኪናው ላይ ምን ተፅፏል?" ብላችሁ ጠይቁ።

መስከረም ላይ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ስለ ወንበርና ስለ መዋጮ ብቻ አውርታችሁ አትውጡ። ፖሊስ የሚጠራው ማን ነው፣ ሲጠራስ ለወላጅ ወዲያው ይደወላል ወይ፣ ልጅ ከግቢ ሲወጣ ማን አብሮት ይሄዳል፣ ይሄን ጠይቁና ቃለ ጉባኤ ላይ ይፃፍ። የተፃፈ ነገር ኋላ ላይ ይጠቅማል። በዛው በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያሉትን ሺሻ ቤትና ቤቲንግ ቤት አንሱ። በአዋጅ 1112/2011 መሰረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ክልክል ነው፣ ሺሻም ክልክል ነው፣ ፖሊስን እንዲህ ያለው ላይ ስሩ ብሎ መጎትጎት ተማሪ ከማሳደድ ይሻላል።

ልጁን ደግሞ አስተምሩት። ድብድብ ሲነሳ ቆሞ አይይ፣ ስልክ አውጥቶ አይቅረፅ፣ ይሂድ። ፖሊስ ከያዘው አይሩጥ፣ አይሳደብ፣ እጁን አይሰንዝር። እንዲህ ይበል፦ "ጋሼ፣ ስሜ እገሌ ነው፣ የእገሌ ት/ቤት ተማሪ ነኝ፣ እናቴን ደውሉልኝ፣ ቁጥሯ ይሄ ነው"። ቁጥሩን በቃሉ ይያዘው፣ ስልኩ ተወስዶ ሊሆን ይችላል። የሰራውንም ያልሰራውንም እናቱ ወይ አባቱ ሳይመጡ አይናገር። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለው ይናገራል፣ ልጅም ሰው ነው።

አሁን ስልኩ ተደወለ እንበል። ከመውጣታችሁ በፊት የልጁን እድሜ የሚያሳይ ወረቀት ያዙ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ ከሌለ የክርስትና ወይ የክትባት ካርድ፣ እሱም ከሌለ የትምህርት ቤት ካርድ። ዛሬውኑ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ለምን ብትሉ እድሜ ሁሉን ነገር ይቀይረዋል፣ የዘንድሮ ልጅ ደግሞ ቁመቱ አያስታውቅም፣ የ14 ዓመቱ 18 ይመስላል። በ1996ቱ የወንጀል ህግ ከ9 ዓመት በታች ያለ ህፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት አጥፊ ይባላል፣ የራሱ ስነ ስርዓት አለው፦ የ1954ቱ የወንጀል ስነ ስርዓት ህግ አንቀፅ 172 ፖሊስ ወዲያውኑ ቅርብ ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይውሰደው ይላል፣ ጉዳዩ ከተቀጠረም ልጁ ለወላጅ ወይ ለዘመድ ይሰጣል፣ ችሎቱም ዝግ ነው። ከ15 በላይ 18 ያልሞላው በመደበኛው ህግ ይጠየቃል፣ ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ወጣት አጥፊ ከአዋቂ እስረኛ ጋር አይቀላቀልም፣ ይሄም ህገ መንግስቱ አንቀፅ 36 ላይ አለ።

ጣቢያ ስትደርሱ አትጩሁ። "ወንድሜ፣ የእገሌ አባት ነኝ፣ ልጄ እዚህ አለ ተብዬ ነው፣ መርማሪው ማን ነው?" በቃ። የመርማሪውን ስም፣ ማዕረጉን፣ የመጣችሁበትን ሰዓት ፃፉ። ልጁ በምን እንደተጠረጠረ ይነገራችሁ፣ "ረብሻ ነው" የሚል መልስ አይበቃም። ቃል የሚሰጥ ከሆነ አብራችሁ ለመቀመጥ ጠይቁ፣ የተፃፈውን አንብቡት፣ ያልተባለ ነገር ካለ ሳይስተካከል ፊርማ የለም። ብዙ ጊዜ ለቀላል ነገር በመታወቂያ ዋስ ይለቁታል፣ ስለዚ የታደሰ መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ካልለቀቁት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። አርብ ከሰዓት የተያዘ ልጅ ግን ቅዳሜና እሁድ ይመጣበታል፣ ስለዚ አርብ ከሆነ "ሰኞ እናየዋለን" የሚለውን አትቀበሉ፣ እዛው ቆሙ፣ የጣቢያውን አዛዥ አናግሩ።

ነገሩ የሁለት ተማሪ ቀላል ድብድብ ከሆነ በሽምግልና ያልቃል፣ የወንጀል ህጉም (አንቀፅ 556) ቀላል የአካል ጉዳትን በተበዳይ አቤቱታ ነው የሚያየው፣ የሌላኛውን ልጅ ወላጆች ቶሎ አግኙ፣ የህክምናውን ክፈሉ፣ ይቅርታ ይባባሉ። መደፈር ላይ ግን ሽምግልና ብሎ ነገር የለም። ልጅ ተደፍራ ከሆነ ሽማግሌም ቄስም ሳይገባበት ልብሷን ሳታጥብ፣ ገላዋን ሳትታጠብ ቀጥታ ፈለገ ህይወት ወይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰራም፤ ከዛ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ህፃናት ክፍል፣ ሴት ፖሊስ ቃሏን እንድትቀበል ጠይቁ። "ስሟ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤቱም ይሰደባል" የሚል ርዕሰ መምህር ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ለብቻው ነው። ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለሚፈተኑ በር ላይ በፖሊስ መፈተሽ አለ፣ ይሄ የተለመደ ነው፣ ልጁ ስልክና ስማርት ሰዓት ቤት ጥሎ ይሂድ።

ፖሊስ ልጁን ከመታው ደግሞ በዛው ቀን ሀኪም ዘንድ ወስዳችሁ የህክምና ማስረጃ አውጡ፣ ጉዳቱን ፎቶ አንሱ፣ ለጣቢያው አዛዥ በፅሁፍ አቤት በሉ፣ ቅጂው ላይ ተቀባዩ ይፈርምበት። አዛዡ ካልሰማችሁ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እንባ ጠባቂም ባህርዳር ላይ ቅርንጫፍ አላቸው፣ ጠበቃ መክፈል ካልቻላችሁ የባህርዳር ዩኒቨርሲቲ ህግ ትምህርት ቤት ነፃ የህግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አቤቱታውንም ይፅፉላችኋል።