ስክሪን ከመቀየራችሁ በፊት ሪዞሉሽኑን እዩ

ጎንደር ፒያሳ ያለችው ትንሿ የጥገናና የህትመት ሱቃችን አንዲት የማራኪ ግቢ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ፎርማት ካስደረገችው ወዲህ ፊደሉ ዱባ አክሏል፣ ደግሞም ደብዝዟል። ያየላት ሰው «ስክሪኑ ይቀየር» ብሏት ብር እያጠራቀመች ነበር። ስክሪኑ ግን ምንም አልሆነም። እንዲህ ዓይነት ነገር ቶሎ ቶሎ ስለሚገጥመን፣ የሰው ብር በከንቱ እንዳይወጣ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። የስክሪን መጠን ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ይለካል። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 15.6 ኢንች የሚባለው ላፕቶፕ ሰያፉ 39.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ አይቆጠርም። ሪዞሉሽን ደግሞ የነጥቦቹ ማለትም የፒክሰሎቹ ብዛት ነው።

እናቶቻችን የሚሰፉትን ሰፌድ አስቡ። ሁለቱ ስፋታቸው እኩል ነው፤ አንዱ ስፌቱ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነው። በወፍራሙ ላይ በአለላ መስቀል ቢሰፋ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ይሆናል። በቀጭኑ ላይ ያው መስቀል ጥርት ብሎ ይወጣል። ስክሪንም እንደዚሁ ነው። ባለ 15.6 ኢንች ሆኖ 1366 በ768 የሆነው ወደ አንድ ሚሊዮን ነጥብ አለው። 1920 በ1080 የሆነው ከሁለት ሚሊዮን በላይ አለው። ስፋታቸው ግን አንድ ነው።

ፎርማት ከተደረገ በኋላ ሁሉ ነገር ትልቅና ደብዛዛ ሆነ

የልጅቷ ችግር ይህ ነው። ፎርማት ሲደረግ የግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከምስል አውጪው ክፍል ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ አብሮ ይጠፋል። ዊንዶውስ ያን ጊዜ በመጠባበቂያ ድራይቨር ይሠራል፤ ሪዞሉሽኑም ብዙ ጊዜ 1024 በ768 ላይ ይቀራል። የስክሪኑ ነጥቦች ግን ፋብሪካ ውስጥ ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው። የ1024ቱን ምስል 1366 ነጥብ ላይ ለመዘርጋት አንዱን ነጥብ ለአንድ ከሲሶ ማካፈል ይመጣል። ነጥብ ደግሞ አይከፈልም። ድብዝዝታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

የስታርት ምልክቱን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ የሚለውን ክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው። ከስልካችሁ ሆትስፖት ከፍታችሁ ዊንዶውስ አፕዴትን አስጀምሩ። እሱ ካላመጣው ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ሲያልቅ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ግቡና «ሪኮመንድድ» የሚል የተጻፈበትን ሪዞሉሽን ምረጡ። የተማሪዋ ላፕቶፕ በዚህ ብቻ ተስተካከለ።

ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ፊደሉ በጣም ትንሽ ነው

ይህ ብልሽት አይደለም። ነጥቦቹ ትንሽ ቦታ ላይ ስለተጠጋጉ ነው። ብዙ ሰው ሪዞሉሽኑን ዝቅ ያደርግና ድብዝዝታን ራሱ ይጠራል። እባካችሁ አትንኩት። እዚያው ዲስፕሌይ ውስጥ ስኬል የሚለውን 125 ወይም 150 በመቶ አድርጉ። ስልክ ላይም ዲስፕሌይ ውስጥ የፊደል መጠንና የዲስፕሌይ መጠን የሚሉ አሉ። እናታችሁ መነጽር ፍለጋ ከምትንከራተት ሁለቱን ከፍ አድርጉላት።

ሪዞሉሽን ስቀይር ስክሪኑ ጨለመ

ሞኒተሩ የማይችለውን መርጣችኋል። ገመድ አትንቀሉ፣ ምንም አትጫኑ። «ይቆይ» ካላላችሁት ዊንዶውስ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ቲቪ ላይ ሳገናኘው ጠርዙ ተቆረጠ

ቲቪው ከድሮ የወረሰው ጠባይ ነው፤ ምስሉን ትንሽ አስፍቶ ዳር ዳሩን ይቆርጣል። በቲቪው ሪሞት የምስል ቅርጽ ውስጥ ገብታችሁ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ምረጡ።

ስልክ ላይ የሚያምረው ፎቶ ሲታተም ፈረሰ

ጥምቀት ባለፈ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይጎርፍብናል። ሰው ፋሲል መዋኛ ላይ ቆንጆ ፎቶ ይነሳና በቴሌግራም ይልክልናል፤ በትልቁ ይታተምልኝ ይላል። ቴሌግራም ግን በፎቶነት ሲላክ ያሳንሰዋል። ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክሰል የሆነ ፎቶ ደረሰን እንበል። ጥሩ ህትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል። ያ ፎቶ በጥራት የሚወጣው 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ኤፎር ሙሉ ለማተም 2480 በ3508 ያስፈልጋል። ስልኩ ላይ የሚያምረው ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ነው። እኛም ብንለጥጠው የሌለ ነጥብ አንፈጥርም፤ የአንድ ቀን ትዝታ እንዲህ ሲደበዝዝ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ስትልኩ በፎቶ ሳይሆን «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ። ፎቶውንም ካነሳው ሰው ስልክ ውሰዱ፤ ከእጅ ወደ እጅ የዞረውን አይደለም።

ታዲያ ስክሪኑ በእርግጥ የተበላሸው መቼ ነው?

ላፕቶፑን አጥፍታችሁ አብሩት። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የአምራቹ አርማ ሲወጣም መስመር ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴቲንግ አይደለም። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪ ጋር አገናኙት። ቲቪው ላይ ንጹሕ ከሆነ ስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ ነው። አስከፍታችሁ መጀመሪያ ገመዱ ላልቶ እንደሆነ አሳዩ። ስክሪን መግዛት ግድ ከሆነ ኢንቹን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከአሮጌው ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር በስልክ አንሱ፣ ሪዞሉሽኑንና ማያያዣው 30 ፒን ይሁን 40 ፒን ጻፉ። 15.6 ሆኖ የማይገጥም ስክሪን ብዙ ነው።