አልቀባበል ያለ ሪቮልቨር፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከዚያም ወደ መፍትሄው

ሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱን በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚይዝ ሽጉጥ፣ ለማቀባበል ሲከብድ ብዙ ሰው መዶሻውን በአውራ ጣቱ አጠንክሮ ይጎትታል። አሁንም እምቢ ሲለው በሁለት እጁ ይታገላል። ይሄ መሣሪያውን የባሰ ይጎዳዋል። ጥይት ካለበት ደግሞ ሰው ይጎዳል።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ምን ያህል ከበደ?» ሳይሆን «እንዴት ከበደ?» ነው። ባዶውን ነው የሚከብደው ወይስ ጥይት ሲጎርስ? በስድስቱም የጥይት ቤት ነው ወይስ በአንዱ ብቻ? ገና ሳይተኮስ ነው ወይስ ሲሞቅ? ይሻክራል ወይስ ለስላሳ ሆኖ ይጠነክራል? እነዚህን ከለያችሁ መንስኤው ግማሽ በግማሽ ተገኘ ማለት ነው።

ለምሳሌ የምይዘው የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካን ስድስት ጎራሽ፣ .38 የተባለውን የጥይት ልክ የሚተኩሰውን ሞዴል 10ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የወጣ ሽጉጥ ነው፤ ሞዴል 10 የሚለውን ስም ያገኘው ግን በ1957 ነው። ለረጅም ዘመን የአሜሪካ ፖሊሶች ወገብ ላይ የኖረ ነው። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ ሪቮልቨር ልግዛ ያለ ሰው ቶሎ ያገኘዋል። ሌሎቹ የስሚዝ ሪቮልቨሮችም በአሠራር ከሱ ብዙ አይርቁም። ኮልት የተባለው ሌላ ፋብሪካ በሠራቸው ላይ ግን አንዳንዱ ነገር ይለያል፣ ሲሊንደሩም የሚዞረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው።

መጀመሪያ ባዶ አድርጉት

ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ ጥይቱን በሙሉ አውጡና ቁጠሩ። ስድስቱንም የጥይት ቤት በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳስሱ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ወስዳችሁ አስቀምጡ። ፍተሻው ምላጭ ሊያስነካችሁ ስለሚችል ጥይት አጠገባችሁ መኖር የለበትም።

ጥይት እንደጎረሰ መዶሻው መሃል መንገድ ላይ ቀርቶ ከሆነስ? መዶሻው ወደ ኋላ እንደተሳበ ሲሊንደሩ አይከፈትም። ስለዚህ አትታገሉ። ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ፣ አፈሙዙን ጉዳት ወደማያደርስበት አቅጣጫ ያዙ። የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ከሆናችሁ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ እጅ አንሱና ተቆጣጣሪውን ጥሩ። ቤት ውስጥ ከሆነ ወደ መሣሪያ ጠጋኝ ደውሉና የሚላችሁን አድርጉ፤ እንዲሁ ይዛችሁት መኪና ውስጥ እንዳትገቡ።

ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ በአውራ ጣት ይዛችሁ መልሱት። ስድስቱንም ቤት እንዲህ አዳርሱ። ከሲሊንደሩ ጎን በማርከር ነጥብ አድርጉበት፤ የከበደው ቤት የቱ እንደሆነ በኋላ አትረሱትም።

ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለ

መዶሻው ንቅንቅ ካላለ ሲሊንደሩ በደንብ መዘጋቱን ተመልከቱ። ስሚዝ ሲሊንደሩ ተከፍቶ እያለ አይቀባበልም። ሆን ተብሎ የተሠራ መከላከያ ነው፣ ብልሽት አይደለም። በዚህ ብቻ ደንግጦ ሽጉጡን ጠጋኝ ጋ ይዞ የሚሄድ ሰው አለ።

ቀጥሎ ቁልፉን እዩ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከተሠሩት ብዙዎቹ በግራ ጎናቸው፣ ሲሊንደር ከሚከፍተው ጉብታ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ አላቸው። ተቆልፎ ከሆነ አብሮት በመጣው ቁልፍ ክፈቱት፣ አለቀ። አሮጌዎቹ ይሄ የላቸውም።

ሁለቱም ካልሆነ ከሲሊንደሩ መሃል የምትወጣውን ቀጭን ፒን ጠርጥሩ። ሲሊንደሩ ሲዘጋ ይቺ ፒን ከኋላ ያለው የብረት ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ ማገጃውን ወደ ኋላ ትገፋለች፤ መዶሻው ነፃ የሚሆነው ያኔ ነው። ቀዳዳዋ በቆሻሻ ከተሞላች ፒኗ እስከ መጨረሻ አትገባም፣ ማገጃውም አይነሳም። በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀዳዳዋን አጽዱ። ያም ካልረዳ ጣጣው ከፊት ያለው ዘንግ ሊሆን ይችላል።

የላላ ዘንግ

ይሄ ብዙ ሰው የማያስበው፣ ግን በአሮጌ ስሚዞች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር ነው። ቀለህ የምታስወጡበት ዘንግ በጥርስ ታስሮ የሚገባ ነው። በተኩስ ብዛት ይላላል። ሲላላ ይረዝማል። ሲረዝም ደግሞ ከፊት ያለው መቆለፊያ ላይ ይደገፋል። ያኔ ሲሊንደሩ ለመክፈትም ለመዞርም ይከብዳል፣ ማቀባበሉም አብሮ ይከብዳል። ለመክፈትም ለማቀባበልም እኩል ካስቸገራችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ ወደዚህ ሂዱ።

ሲሊንደሩን ክፈቱና የዘንጉን ጫፍ በጣታችሁ አዙሩ። በቀላሉ ከዞረ ላልቷል። ከማጥበቃችሁ በፊት ግን ባዶ ቀለሆች በጥይት ቤቶቹ ውስጥ ክተቱ። የተተኮሱ፣ ጥይት ያልሆኑ ባዶ ቀለሆች ማለቴ ነው። ኮከብ የሚመስለውን ቀለህ ማውጫ ደግፈው ስለሚይዙት ስታጠብቁ አይጣመምም። በፒንሳ መያዝ ግድ ከሆነ ዘንጉን በወፍራም ቆዳ ጠቅልሉት፣ አለበለዚያ ዘንጉ ይቦጫጨራል።

አቅጣጫውን አስተውሉ። በድሮዎቹ ላይ ጥርሱ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ነው የሚጠብቀው። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ወዲህ በተሠሩት ግን ወደ ግራ ነው። ፋብሪካው የቀየረው የሲሊንደሩ ዙረት ዘንጉን እያላላ ስላስቸገረ ነው። በተሳሳተ አቅጣጫ በጉልበት ያዞረ ሰው ዘንጉን ይሰብረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ በጣት ሞክሩ፣ የሚገባበትን አቅጣጫ ራሱ ይነግራችኋል።

በስድስቱም ቦታ ሲሻክር

ባዶም ሆኖ ይሻክራል፣ ሁሉም ቤት ላይ ያው ነው። እንግዲህ ጉዳዩ በአብዛኛው ቆሻሻ ነው፣ ቆሻሻው ግን የት እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ዋናው መደበቂያ ከኮከቡ ሥር ነው። ሲሊንደሩን ከፍታችሁ ዘንጉን እስከ መጨረሻ ግፉት። ኮከቡ ብድግ ይላል። ሥሩ ያለውን ጎድጓዳ በባትሪ ብርሃን እዩት። ያልተቃጠለ የባሩድ ፍሬ ታገኙ ይሆናል፤ ቢጫ ወይም ጥቁር፣ አንዳንዱ ጠፍጣፋ፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ። እንዲያ ያለች አንዲት ፍሬ ኮከቡን ከቦታው ከፍ ካደረገችው ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ተጨናንቆ ይቆማል። ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነውና ትንሽ ነገር ይበቃዋል። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት፣ የኮከቡን የታችኛውን ፊትም አትርሱ። እዚያ ቦታ ላይ ዘይት አታፍስሱ፤ እርጥብ ከሆነ የሚቀጥለው ባሩድ እዚያው ይጣበቃል።

እንዳይደጋገም ቀለህ ስታወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅኑና ዘንጉን በአንድ ምት ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉት። ቀለሁም ትርፍራፊውም ወደ መሬት ይወርዳል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ ካወጣችሁ ትርፍራፊው በቀጥታ ከኮከቡ ሥር ይገባል።

ሁለተኛው ቦታ ፊት ለፊት፣ ሲሊንደሩና በርሜሉ የሚገናኙበት ነው። ጤናማው ክፍተት ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ሽጉጡን ወደ መስኮት አዙራችሁ በጎን ብታዩት ቀጭን የብርሃን መስመር መታየት አለበት። መስመሩ አንዳንድ ቦታ ከጠፋ ጥላሸትና እርሳስ ጋግሮበታል። በተለይ የመዳብ ልብስ የሌለው እርሳስ ጥይት የሚተኩስ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የመሣሪያ ማጽጃ ፈሳሽ ቀብታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ በነሐስ ብሩሽ ፈትጉት። በካቻቢቴ አትፋቁት፤ የበርሜሉ አፍ ከተጫረ የሚመለስ አይደለም።

ስትጀምሩ ደህና ሆኖ ብዙ ከተኮሳችሁ በኋላ ብቻ የሚከብድ ከሆነም መጀመሪያ የሚታየው ይሄው ቦታ ነው። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ጥላሸቱ ሲጨመርበት ክፍተቱ ያልቃል። አጽድታችሁም ሲሞቅ እንደገና ከያዘ ክፍተቱ ከመሠረቱ ጠቧል ወይም ሲሊንደሩ ፊትና ኋላ የሚጫወት ሆኗል። ያን ጠጋኝ ይለካው።

ሦስተኛው ውስጥ ነው። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። ደብሊው ዲ 40 የሚባለውን የሚረጭ ማላላቂያ ነፍተው ያስቀመጡትም ውሎ አድሮ እንዲሁ ነው። በቆዳ ማኅደር ውስጥ የኖረ ከሆነ ደግሞ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ ዝገት ይጨመርበታል። እጀታውን ፍቱ፣ በመዶሻውና በምላጩ ክፍተት ማጽጃ ፈሳሽ አስገቡ፣ መዶሻውን እየሳባችሁ መልሱ፣ ቆሻሻው እስኪወጣ ድገሙት። ከደረቀ በኋላ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ብዙ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

የጎን ክዳኑን መክፈት የሚፈልግ ሰው ልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይያዝ። ብሎኖቹ አንድ ዓይነት ቢመስሉም ይለያያሉ፣ የፊተኛው ሲሊንደሩን ተሸክሞ የሚከፈተውን ክንድ የሚይዝ ነው። በወጡበት ቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ክዳኑን ደግሞ በምንም ተዓምር በካቻቢቴ ጫፍ እንዳትፈነቅሉት። ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ የእጀታውን ብረት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ እጀታ መታ መታ አድርጉት፤ በንዝረቱ ራሱ ተነስቶ ይወጣል። ካልተማመናችሁ ይሄን ክፍል ተዉት።

አንድ ወይም ሁለት ቤት ላይ ብቻ ሲከብድ

ምልክት ያደረጋችሁበት ማርከር እዚህ ይጠቅማል። በየዙሩ እዚያው ቦታ ሲደርስ የሚከብድ ከሆነ የሆነ ነገር ተጣሟል ማለት ነው። ሲሊንደሩን ክፈቱና በጣት አሽከርክሩት። የዘንጉን ጫፍ ተመልከቱ። ቀጥ ብሎ ከዞረ ደህና ነው፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከተወዛወዘ ዘንጉ ጎብጧል። ሲሊንደሩን በአንድ እጅ ወንጭፎ የመዝጋት የፊልም ልማድ ደግሞ ሌላው ጠንቅ ነው። ሲሊንደሩን የሚሸከመውን ክንድ ያጣምማል። ያገለገለ ሽጉጥ ስትገዙ ይሄን ፍተሻ ሻጩ ፊት አድርጉት። ማቃናት የጠጋኝ ሥራ ነው፤ ቤት ውስጥ በመዶሻ የተቃና ዘንግ አይቼ አላውቅም።

ዘንጉ ቀጥ ካለ የኮከቡን ጥርሶች እዩ። በአንዱ ላይ የተነሳ የብረት ፍንጣሪ ካለ ሲሊንደሩን የሚገፋው ጣት እዚያ ላይ ይይዛል። በሞረድ አትንኩት። ጥቂት ካነሳችሁ ያ ቤት ከበርሜሉ ጋር ሳይገጥም መተኮስ ይጀምራል፣ ያ ከመክበዱ የከፋ አደጋ ነው።

ባዶውን ይሠራል፣ ሲጎርስ ይከብዳል

እንግዲህ ጥፋቱ የሽጉጡ ሳይሆን የጥይቱ ነው፣ ወይም የጥይት ቤቱ። ሁሉንም አውጡና አንድ በአንድ መርምሩ። በቀለሁ ግርጌ መሃል ያለችውን ክብ ፕራይመር፣ ባሩዱን የምትለኩሰውን፣ በጣት ዳብሱ። ከግርጌው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት አለባት። ወጣ ካለች የኋላውን ግድግዳ ትፈትጋለች። ሰው በገዛ ቤቱ እንደገና በሞላው ጥይት ላይ የሚታይ ነው። እንዲያ ያለውን አትተኩሱ።

ቀላል ሽጉጥ ከባድ ጥይት ሲተኩስ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ምቱ በቀሩት ጥይቶች ላይ ያለውን እርሳስ ከቀለሁ እየጎተተ ወደ ፊት ያወጣዋል። እርሳሱ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ሲል በርሜሉ ላይ ይያዛል፣ ሲሊንደሩም ይቆማል። ጥይቱን ቀይሩ።

በ.357 ሽጉጥ አጭሩን .38 አብዝቶ የሚተኩስ ሰው የጥይት ቤቱ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራበታል። ረጅሙ ጥይት ሲገባ እስከ መጨረሻ አይቀመጥም፣ ግርጌው ግድግዳውን ይነካል። ቤቱን በብሩሽ አጽዱት።

ከሁሉ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ስትተኩሱ ድምፁ ደከም ካለና ቀጥሎ አልቀባበል ካለ ወዲያው አቁሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ወይም በሲሊንደሩና በበርሜሉ መሃል ተቀርቅሮ ይሆናል። በግድ አቀባብሎ የሚቀጥለውን የተኮሰ ሰው በርሜሉ ሊፈነዳበት ይችላል።

ለስላሳ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው

ሳይሻክር ከዳር እስከ ዳር እኩል ከጠነከረ ዋናውን ሞላ አስቡ። የቀድሞው ባለቤት ጠንከር ያለ ሞላ አስገብቶ ይሆናል፣ ወይም ከእጀታው ፊት ያለችው ሞላ ወጣሪ ብሎን በረዘመች ተተክታለች። የፋብሪካውን መልሱ። ብሎኗን በማላላት ለማቅለል የሚሞክሩ አሉ፤ ያኔ መዶሻው አቅም ያጣና ጥይቱ ሳይፈነዳ ይቀራል። አዲስ እጀታ ካስገባችሁ በኋላ ከሆነ የጀመረው እጀታውን ፍቱና ሞክሩት። ከቀለለ እንጨቱ ወይም ጎማው ሞላውን እየነካ ነው፤ የነካበት ቦታ ላይ የሚያብለጨልጭ ጭረት ታያላችሁ።

ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ የማርከሩን ነጥብ አታጥፉት። የትኛው ቤት ላይ እንደከበደ፣ ባዶውን ነው ወይስ ሲጎርስ፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ከመጀመሪያው፣ ብላችሁ ንገሩት። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ጥይቱን ቤት ትታችሁ ውሰዱት። አሜሪካ ውስጥ፣ ለምሳሌ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ዋሽንግተን ዲሲ፣ የምትሻገሩ ከሆነ የማጓጓዣ ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።