የወንጪን ዙር በአንድ ቀን በእግር ለመጨረስ እንዴት ይታቀዳል?

ወንጪ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌላ ተራራ ጠዋት በሙሉ ጉልበት ይወጣል፣ ከሰዓት ይወረዳል። እዚህ ግን መኪናው አፋፉ ላይ ያወርዳችኋል፣ በጠዋቱ ብርድ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ትወርዳላችሁ፤ አቀበቱ የሚመጣው እግር ከዛለና ምሳ ከተበላ በኋላ ነው። ስለዚህ ዕቅዱን ከመጨረሻው ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሥሩት።

ዙሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ከአፋፉ ወደ ውሃው መውረድ፣ በጀልባ የቂርቆስ ገዳም ወዳለበት ደሴት መሻገር፣ ከዚያ ፍል ውሃው ወዳለበት ሸለቆ መዝለቅ፣ በመጨረሻም ወደ አፋፉ መውጣት። ሐይቁ በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ 2,900 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል፤ ከከበበው ጠርዝ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ 3,386 ሜትር ይደርሳል።

1. ቀኑን ምረጡ

ከመስቀል ማግስት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። እኔን ብትጠይቁኝ ጥቅምት፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሣሩም ገና አልደረቀም። ሐምሌና ነሐሴ ቁልቁለቱ ጭቃ፣ ሐይቁም በጉም የተሸፈነ ስለሚሆን ይቅርባችሁ። ወር በገባ በ15 ቂርቆስ ነው፤ በዚያ ቀን ለመሳለም ካልሆነ በቀር ጀልባው ጋ ወረፋ እንዳይዛችሁ ሌላ ቀን ያዙ።

2. ሰዓቱን ከኋላ ቁጠሩ

ዊሊያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር ርቀት 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ከፍታ ሌላ 1 ሰዓት። የመጨረሻው አቀበት 4 ኪሎ ሜትር ቢረዝምና 500 ሜትር ቢያስወጣ፣ ለርቀቱ 48 ደቂቃ፣ ለከፍታው 50 ደቂቃ፣ በድምሩ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ሳይቆም ለሚሄድ ሰው ነው። 3,000 ሜትር አካባቢ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው በ30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ፎቶም አለ፣ ማረፍም አለ። ስለዚህ 2 ሰዓት ተኩል ያዙለት።

አሁን ወደ ኋላ እንቁጠር። በብርሃን ወሊሶ ለመድረስ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መኪና ውስጥ መሆን አለባችሁ። እንግዲያው አቀበቱ ከ7 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ይጀመራል። ለምሳና ለፍል ውሃው ሸለቆ 2 ሰዓት ተኩል፣ ለጀልባና ለደሴቱ 1 ሰዓት፣ ለቁልቁለቱ 1 ሰዓት ስንቀንስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አፋፉን ለቃችሁ መውረድ አለባችሁ። ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩል 155 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት ማለት ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ማርፈዱ ስለማይቀር ለእሱ 10 ሰዓት ተኩል ብላችሁ ንገሩት።

7 ሰዓት ተኩልን ስልካችሁ ላይ ደውል ሙሉበት። ሲደውል ፍል ውሃው ጋ ባትደርሱም ተመለሱ።

3. መንገዱን፣ አስጎብኚውንና ፈረሱን አስቀድማችሁ ጨርሱ

በዋዜማው ወደ አካባቢው ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። የገበታ ለሀገር ሥራ ከመጣ ወዲህ ቦታው ብዙ ተለውጧል፤ ከዓመታት በፊት የሄደ ሰው የነገራችሁን የእግር መንገድ ሳይሆን ዛሬ ያለውን አጣሩ። የአካባቢው አስጎብኚ መያዝ ግድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መንደር ለመንደር የሚሄደው ቀጭን መንገድ በየእንሰቱ ጓሮ ይከፋፈላልና።

ፈረስ መከራየት አያሳፍርም። ይልቅስ ሲዋዋሉ ነው ጉዱ፦ «ወደ ላይ ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ?»፣ «የጎታቹ ሒሳብ አለበት?» ብላችሁ ገና ሳትወርዱ ተነጋገሩ። ደክማችሁ ሸለቆው ውስጥ የምትጠይቁት ዋጋ ሌላ ነው። የመግቢያው፣ የጀልባውና የአስጎብኚው ክፍያ ለየብቻ ሊሆን ስለሚችል ዝርዝር ብር ያዙ።

4. ቦርሳውን አዘጋጁ

ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ለደሴቱ ነጠላ፣ ሙሉ ቻርጅ ያለው ስልክ ያለ ኔትወርክ ከሚከፈት ካርታ ጋር። አንድ ደረቅ ቲሸርትም ጨምሩ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይገባችኋል።

ለስንቅ ከበሶ የሚበልጥ የለም፤ ረቡዕና ዓርብም አያስቸግርም። ዱቄቱን ትንሽ ጨው አድርጋችሁ በፌስታል ያዙ፣ እዚያው በውሃ ለውሳችሁ በመዳፋችሁ ጨብጡት። እጅ ላይ መጣበቁን ሲተው ደርሷል። ቆሎውን በኪሳችሁ ያዙ።

5. ቁልቁለቱን አትናቁት

ጉልበትን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ይህ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽት የእግር ጥፍር ቁረጡ፤ ሳትወርዱ ተረከዛችሁን ወደ ጫማው ኋላ ገፍታችሁ ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጉ። አውራ ጣታችሁ የጫማውን አፍንጫ የሚነካ ከሆነ እንደገና እሰሩ። እርምጃ አሳጥሩ። አዲስ ጫማ በዚህ ቀን አይመረቅም።

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ፣ በተለይ ከዱባይ ወይም ከሌላ ቆላ ከተማ፣ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ይረፍ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረው ከፍታው ነው፤ አይግፋ፣ በፈረስ ይመለስ።

6. አፋፉ ላይ

ስትወጡ ላብ ያጠመቀው ልብስ ላይ የደጋው ነፋስ ያገኛችኋል። ያን ጊዜ ፎቶውን አቆዩትና ደረቁን ቲሸርት ልበሱ። ከአስጎብኚው ጋር ተሳሰቡ፣ ሰው ቁጠሩ፣ ተነሱ። ጥሬ ሥጋውም ቡናውም ወሊሶ ይደርሳል።