በልጅነታቸው «እትዬ» እና «ጋሼ» ለሆኑ ሰዎች፦ የራስን ስሜት ደብቆ «እሺ» የማለት የቆየ ልማድን መርምሮ ማላላት

በመንዝ ወይም በጣርማበር ገጠር የበኩር ልጅ ሆነው ካደጉ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላዎ ታናሽ አዝለው፣ በግ ጠብቀው፣ ውኃ ቀድተው ይሆናል። ይህ ብቻውን ጉዳት አይደለም። የቤተሰብ ሕክምናን ካስፋፉት ሐኪሞች አንዱ ሳልቫዶር ሚኑቺን እንዳስረዳው፣ ኃላፊነቱ በግልጽ ተሰጥቶ የወላጅ ሥልጣን በቦታው ከቆየ ልጁ ይጠነክርበታል፤ ወላጅ ድርሻውን ሲተው ግን ሸክሙ ከልጁ አቅም በላይ ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚመረምሩት የሠሩትን ሥራ ሳይሆን ሲከታተሉትና ሲንከባከቡት የኖሩትን የሌላ ሰው ስሜት ነው። አባት ከገበያ ጠጥቶ ሲመለስ ሳሉን ከደጅ ሰምተው ታናናሾችዎን ከጎታው ጀርባ ይሸሽጉ ነበር? የእናትዎን ፊት አይተው ረሃብዎን ይውጡ ነበር?

መልስዎ አዎ ከሆነ፣ ለአንድ ሳምንት ልብዎ እምቢ እያለ አፍዎ «እሺ» ያለበትን ጊዜ ሁሉ ይመዝግቡ፤ ያኔ ሰውነትዎ ላይ የተሰማዎትንም አብረው ይጻፉ። ስሜቱን መደበቅ በልጅነቱ የለመደ ሰው መደበቁን ራሱም አያውቀውምና ይህን እርምጃ አይዝለሉት። በሥነ ልቦና ተመራማሪዋ በሜሪ ኤንስዎርዝ የጥናት ዘዴ ከታዩት የአንድ ዓመት ሕፃናት መካከል እናታቸው ወጥታ ስትመለስ ግድ የሌላቸው የሚመስሉ ነበሩ፤ በኋላ የልብ ምታቸው ሲለካ ግን እነርሱም መጨነቃቸው ታወቀ። እኛ «ጨዋ ልጅ» እያልን የምናመሰግነው ዝምተኛም አንዳንዴ እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ «በልጅነቴ ይህ ልማድ ከምን አዳነኝ?» ብለው ይጠይቁ። ከአክስት ጋር ቡና ላይ የሚደረግ ጨዋታ እርስዎ የረሱትን ያስታውሳል፤ ወላጅን ለመክሰስ ግን አይጠቀሙበት።

እምቢታን በትንሹ ይጀምሩ። ደብረ ብርሃን ደመወዝ በወጣ ማግስት ገንዘብ የሚጠይቅ ዘመድ ሲደውል «ነገ ልንገርህ» ማለት ይበቃል፤ ይሉኝታ የሚያሸንፈው ወዲያው ሲመልሱ ነውና። እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት ከበረታ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ታናናሾችዎ «እትዬ ተለወጠች» ብለው ቢያኮርፉ አይደንግጡ። ኩርፊያው እስኪበርድ ይታገሡ፤ ለማባበል ብለው የከለከሉትን በማግስቱ አይስጡ።