የጥንት ሼል ሃይድሮጂን ሲያንስ፦ ጨረር፣ ሙቀት ወይስ ዝናብ?

ሼሉ (ከጥንት ጭቃ የጠነከረው ዓለት) ጥቁር ነው፤ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦኑም ከ10 በመቶ በላይ። የሮክ-ኢቫል (ናሙናውን እያሞቁ የሚወጣውን ሃይድሮካርቦን የሚለካ ምርመራ) ውጤቱ ሲመጣ ግን የሃይድሮጂን ኢንዴክሱ፣ ማለትም ከካርቦኑ አንጻር የሚወጣው ሃይድሮካርቦን መጠን፣ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ዩራኒየም አለበትና ጨረር በልቶታል ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ናሙና የምታዘጋጁ ግን ከዚያ በፊት የሚከተለውን ፈትሹ።

ምልክት፦ ካርቦኑ ሲጨምር ኢንዴክሱ ይወርዳል

ምክንያት፦ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ሲበዛ ኢንዴክሱም አብሮ ይወጣል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ዩራኒየም ይጠረጠራል። ኦክስጅን በሌለው የባሕር ጭቃ ውስጥ ዩራኒየምና ኦርጋኒክ ቁስ አብረው ይከማቻሉና፣ ካርቦን የበዛበት ንብርብር ጨረሩም ይበዛበታል። ዩራኒየም-238 እርሳስ እስኪሆን ድረስ 8 የአልፋ ቅንጣቶች ይለቃል። እነሱ የካርቦንና የሃይድሮጂንን ትስስር ይበጥሳሉ፤ ሃይድሮጂኑ ያመልጣል፣ የቀሩት ካርቦኖች እርስ በርስ ተቆላልፈው በሟሚ የማይሟሟ ይሆናሉ። የስዊድን አሉም ሼል የታወቀው ምሳሌ ነው።

መፍትሄ፦ መጠኑን አስሉ። 1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ክፍል) ዩራኒየም ከነልጆቹ፣ ማለትም ሲበሰብስ ከሚፈጠሩት ንጥረ ነገሮች ጋር፣ በዓመት 2.7 ሚሊግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል የአልፋ ጨረር ይሰጣል። ይህን በዩራኒየሙ ፒፒኤምና በዓለቱ ዕድሜ አባዙ። 100 ፒፒኤም በ500 ሚሊዮን ዓመት 135 ሜጋግሬይ ይሆናል። ወደ እኛ ስንመጣ፣ የውጫሌ የድንጋይ ከሰል የሚገኘው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባላቸው ባዛልቶች መካከል ነው፤ 10 ፒፒኤም አለው ብንል እንኳ 0.8 ሜጋግሬይ ብቻ ይደርሰዋል። ከ150 እጥፍ በላይ ያነሰ ነውና እዚያ ጨረርን መክሰስ አያስኬድም።

ስሌቱ ጨረርን የሚያመለክት ከሆነ፣ ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ቢያንስ 8 ናሙናዎችን ወስዳችሁ ኢንዴክሱን ከዩራኒየሙ ጋር በግራፍ አስቀምጡ። መስመሩ ዩራኒየም ዜሮ የሚሆንበትን ቦታ ሲነካ የሚነበበው፣ ጨረር ባይኖር ኖሮ ይገኝ ለነበረው ኢንዴክስ ጥሩ ግምት ነው። ከተለያየ አካባቢ የመጣ ናሙና አትቀላቅሉበት፤ የመቀበር ጥልቀቱ ስለሚለያይ መስመሩ ትርጉም ያጣል።

ምልክት፦ ኢንዴክሱ ዝቅ፣ ቲማክስ (ሃይድሮካርቦን በብዛት የሚወጣበት የሮክ-ኢቫል ሙቀት) ከፍ፣ ዩራኒየም ጥቂት

ምክንያት፦ ሙቀት። ወሎ ውስጥ ዓለቱን ሰንጥቆ የገባ የባዛልት ዳይክ (ቀልጦ የረጋ የዓለት ግድግዳ) ብዙ ነው። በስዊድንም ቢሊንገንና ሺኔኩለ የሚባሉት ኮረብቶች አናታቸው ላይ ዶለራይት (ባዛልት መሰል፣ ቀልጦ የረጋ ዓለት) አለ፤ ስለዚህ እዚያም ቢሆን የሙቀትና የጨረር ጉዳት ሊምታታ ይችላል።

መፍትሄ፦ ከዳይኩ ጠርዝ ጀምሮ የዳይኩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል እስክትርቁ በመስመር ናሙና ልቀሙ። እየራቃችሁ ስትሄዱ ኢንዴክሱ ካገገመ ጥፋቱ የሙቀት ነው። የጨረር ጉዳት ግን ርቀትን ሳይሆን ዩራኒየምን ተከትሎ ይሄዳል።

ምልክት፦ የኦክስጅን ኢንዴክስ (ከካርቦኑ አንጻር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከፍ ብሏል፣ ፒራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) ጠፍቷል፣ ቢጫ ዱቄት ይታያል

ምክንያት፦ አየርና ዝናብ የበላው ዓለት ነው። ወደ ጨረር ምርመራ መግባት አያስፈልግም።

መፍትሄ፦ ከመንገድ ቆረጣ የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ውስጥ ቆፍሩ፤ የቁፋሮ ኮር ካለ እሱን አስቀድሙ። ከ40 ዲግሪ በታች አድርቁት። በሐምሌና በነሐሴ የደሴ እርጥበት ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት የከረመ ናሙና እዚያው ከረጢቱ ውስጥ መበላሸቱን ይቀጥላል።

ምልክት፦ የጋማ መሣሪያው ንባብ ከኬሚካል ውጤቱ ጋር አይስማማም

ምክንያት፦ መሣሪያው ዩራኒየምን በቀጥታ አያይም፤ የሚቆጥረው ከራዶን (ዩራኒየም ሲበሰብስ ከሚፈጠረው ጋዝ) በኋላ የሚመጣውን ቢስመዝ-214 ነው። ዝናብ የራዶን ልጆችን ከአየር አጥቦ መሬት ላይ ሲጥል ንባቡ ያለ ምክንያት ይዘላል። የተፈጨ ናሙና ደግሞ ራዶኑ ስለሚያመልጠው ዝቅ ያነባል።

መፍትሄ፦ ከዝናብ በኋላ 3 ሰዓት ያህል ጠብቁ። የተፈጨውን አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጋችሁ ከ3 እስከ 4 ሳምንት አቆዩት፤ ራዶን በ3.8 ቀን ስለሚገመስ በዚህ ጊዜ ሚዛኑን ይይዛል። ፌስታል አይሆንም፣ ራዶን ያሾልካል። ውሃ ያጠበው ዓለት ላይ ዩራኒየሙ ሄዶ ራዲየሙ ሊቀር ስለሚችል የአይሲፒ-ኤምኤስ (ዩራኒየሙን ራሱን የሚለካ የላብራቶሪ መሣሪያ) ልኬት የግድ ነው።

ምልክት፦ በማይክሮስኮፕ የኦርጋኒክ ቁሱ ነጸብራቅ እንደየቦታው ይለያያል

ምክንያትና መፍትሄ፦ የአልፋ ቅንጣት የሚጓዘው ጥቂት አስር ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ዩራኒየሙ በዚርኮን ወይም በሞናዛይት ማዕድን ፍሬ ውስጥ ከተቋጠረ በዙሪያው ደማቅ ቀለበት ይሠራል። ከፍሬው 100 ማይክሮሜትር ርቃችሁ ለኩ። በካምብሪያን (ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበረው ዘመን) ሼል ውስጥ ቪትሪናይት (ከእንጨት የመጣ ኦርጋኒክ ቁስ) አትፈልጉ፤ እንጨት ያለው ተክል ገና አልተፈጠረም ነበር። የምትለኩት ጠጣር ቢቱመንን (የጠነከረ ሬንጅ መሰል ቁስ) ነው።