የወይና ደጋ እህል ወደ ደጋ ሲወጣ፦ ማሳዎ አሁን ምን ማብቀል እንደሚችል እንዴት ይለያሉ?

በጎጃም የቆላው፣ የወይና ደጋውና የደጋው ድንበር በአባቶቻችን ዘመን እንደነበረው አልቆየም። አየሩ እየሞቀ በሄደ መጠን በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በመራዊ ዙሪያ በሰፊው የሚዘራው በቆሎ ወደ ደጋው እየተጠጋ፣ ጤፍም ገብስና እንግዶ (የአጃ ዓይነት) በለመደው ማሳ ላይ እየታየ ነው። ይህን የሚያይ የደጋ ገበሬ «እኔስ ብዘራው?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ስለዘራ ብቻ የለመዱትን እህል ትቶ ሙሉ ማሳን በአዲስ እህል መሸፈን የአንድ ዓመት ቀለብ ሊያሳጣ ይችላል። አንድ እህል የሚበቅልበትን ቦታ የሚወስነው አማካይ ሙቀቱ ብቻ አይደለምና፣ ከመወሰን በፊት የዓመቱን ክፉ ሌሊት፣ የዝናቡን አገባብና የአፈሩን ጠባይ በራስ ማሳ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የማሳዎን ከፍታ ይወቁ። ከፍታ የሚያሳይ ስልክ ካለ ይበቃል፤ ሆኖም ልኬቱ በብዙ ሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል በተለያዩ ቀናት ደጋግመው ለክተው መካከለኛውን ይያዙ። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሲወጡ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀንስ፣ አየሩ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ለአንድ እህል የሚስማማው ሙቀት 170 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ከፍታውን ካወቁ በኋላ ዝርያውን ከእሱ ጋር ያስተያዩ። ቢኤች-660 የተባለው በቆሎ የሚመከረው ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ላለ መሬት ሲሆን፣ ጅባት የተባለው የደጋ በቆሎ ግን ከ1,800 እስከ 2,600 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚያርስ ሰው፣ መራዊ ያለ ዘመዱ የሰጠውን ዘር እንዳለ ቢዘራ እህሉ በቆሎ መሆኑ ብቻውን አያድነውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ውርጭ ነው፤ በእኔ እምነት ብዙ ሰው የሚጎዳው ይህን ንቆ በማለፉ ነው። አማካይ ሙቀቱ ቢጨምርም አንዲት ጥርት ያለች የጥቅምት ወይም የኅዳር ሌሊት የስድስት ወር ልፋት ልታጠፋ ትችላለች። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊቱን እንደ ውኃ ተዳፋቱን ተከትሎ ይወርድና በጨፌውና በጎድጓዳው ቦታ ይተኛል፤ በዚህም የተነሳ በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ እንኳ ከታች ያለው ማሳ ተቃጥሎ ከላይ ያለው ሊተርፍ ይችላል። ይህን ለማወቅ ከጥቅምት መባቻ እስከ ጥር መጨረሻ ሰማዩ ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ትንሽ ውኃ አድርገው በማሳው ራስጌ፣ መካከልና ግርጌ ያስቀምጡ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ሄደው የቱ ላይ በረዶ እንደጋገረ፣ የቱ ዙሪያ ሣሩ አመዳይ ለብሶ እንደነጣ አይተው ከነቀኑ ይጻፉ። የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ቴርሞሜትር ከተገኘ ከዝናብና ከፀሐይ ከልለው 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይስቀሉት፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሌሊት መሬቱ አጠገብ ያለው አየር በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ ቴርሞሜትሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ ቢያሳይም ቡቃያው በውርጭ ሊመታ እንደሚችል አይዘንጉ።

ውርጩ የሚጀምርበትን ጊዜ ከያዙ በኋላ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በቆሎ በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ፣ በወይና ደጋው አምስት ወር ተኩል የሚወስድ ዝርያ ደጋው ላይ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ለምሳሌ ግንቦት 20 የተዘራ የ180 ቀን እህል፣ ጳጉሜን ጭምር ሲቆጠር፣ የሚደርሰው ኅዳር 15 ነው። መድረሱን በቅጠሉ መድረቅ ብቻ አይመኑ፤ ከበቆሎው ራስ መካከል አንድ ፍሬ ፈልቅቀው ከቆረቆንዳው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ በጥፍርዎ ፋቅ ሲያደርጉት ጥቁር ነጥብ ከታየ ፍሬው ምግብ መሰብሰቡን ጨርሷል። ከዚያ በፊት ውርጭ ከመታው ግን ፍሬው ተጨማድዶ ክብደቱን ያጣል። ሌላም ጣጣ አለ፦ የአካባቢው ገብስና ስንዴ ታጭዶ ከብቱ ልቅ በሚሰማራበት ጊዜ ብቻውን ቆሞ የቀረ በቆሎ አይተርፍምና፣ ከመዝራት በፊት ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አጥር ማሰብ ያስፈልጋል።

የዝናቡን ነገር በቆርቆሮ መለካት ይቻላል። አፉና ታቹ እኩል የሆነ ጣሳ ከዛፍና ከቤት ራቅ አድርገው ይትከሉና የተጠራቀመውን ውኃ ጥልቀት በየጠዋቱ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለክተው ይድፉት። በሦስት ቀን ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ከዘነበና ቀጥሎ ባለው ወር ውስጥ ከአሥር ቀን የበለጠ ደረቅ ጊዜ ካልመጣ፣ ክረምቱ በእርግጥ ገባ ይባላል። መጪውን በጣሳ ማወቅ ስለማይቻል፣ የሜትዎሮሎጂ ትንበያን በየሳምንቱ መከታተልና ዘሩን በሙሉ በአንድ ቀን አለመጨረስ የተሻለ ነው።

አፈሩ ግን ከአየሩ ጋር አብሮ አይለወጥም። በጮቄ ተራራ ዙሪያና በአዊ ደጋማ ቦታዎች ብዙው ቀይ አፈር ኮምጣጣ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ቢስማማም የስንዴና የባቄላ ሥር በአሉሚኒየም ይጎዳል። የአፈሩ የኮምጣጣነት ልኬት (ፒኤች) ከ5.5 በታች ከሆነ ባለሙያ የሚያዝዘውን ያህል ኖራ ከመዝራት አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር ማዋሃድ ይገባል፤ ድንችና እንግዶ ግን ኮምጣጣነቱን የተሻለ ይችላሉ። በቢቸናና በእነማይ ዋልካ መሬት ደግሞ በቆሎ የተኛ ውኃ ስለማይወድ፣ ማጠንፈፊያ ቦይ ሳያወጡ አይሞክሩት።

ተባዩም እህሉን ተከትሎ ይወጣል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ሙቀት የሚወድ ስለሆነ፣ ደጋው ላይ የተዘራ በቆሎንም ከበቀለበት ሳምንት ጀምሮ ገልጦ ማየት አይቅር፤ በመካከለኛው ቅጠል ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ብናኝ ከተገኘ ትሉ እዚያው አለ።

ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ሙከራውን 10 በ10 ሜትር በሆነ መደብ ላይ ያድርጉ፤ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች። የተዘራበትን፣ የበቀለበትን፣ ያበበበትንና የደረሰበትን ቀን ጽፈው ምርቱን ከአጠገቡ ካለው ከለመዱት እህል ጋር ይመዝኑ፤ ቢያንስ አንድ ክፉ ዓመት ሳያልፍበትም አያስፋፉት።

እስከዚያው የገብሱን ዘር አይሽጡት። የወይና ደጋ እህል ወደ ደጋ ሲወጣ የደጋው ገብስ ወደ ጮቄ ራስ ይገፋል፤ ጮቄ ደግሞ 4,100 ሜትር ገደማ ላይ ያበቃል፣ ገና ከዚያ በታችም ለብዙ ወንዝ ምንጭ የሆነው የጅብራና የአስታ (የተራራ አናት ዕፅዋት) ቦታ መታረስ የለበትም። ስለዚህ የየቤቱን የገብስ ዝርያ ለይተው፣ በደንብ አድርቀው፣ ጭስና እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ያኑሩ፤ በየሁለት ዓመቱም በአንድ መደብ ዘርተው ያድሱት።